4 ሚሊዮን ቀዳሚ ድምፅ፣ ሁለት ተቃራኒ ውጤት

ጥቅምት ገብቶ የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ቡና የተፈላበት ቤት ሁሉ ተንታኝ አያጣም። ባሕር ማዶ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነውና ስልክ ይደወላል፦ «ሕዝቡ ከወዲሁ እየመረጠ ነው፣ ሰልፉ ለጉድ ነው!» አቦሉ ሳያልቅ አሸናፊው ይታወጃል።

ጆርጂያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከምርጫው ቀን በፊት በአካልም በፖስታም የመረጡት (ቀዳሚ ድምፅ የሚባለው ይኸው ነው) 4 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ ባይደን ግዛቲቱን በ11,779 ድምፅ ወሰዷት። በ2024ም ቀድመው የመረጡት ያው 4 ሚሊዮን ገደማ ሆኑ፤ ያሸነፉት ግን ትራምፕ ናቸው፣ ከ100 ሺህ በላይ በሆነ ብልጫ። ጠቅላላ ቁጥሩ ባለበት ቢቆምም ውስጡ ተለዋውጧል። በ2020 በኮሮና የተነሳ ብዙ ሰው በፖስታ መረጠ፤ ትራምፕ የፖስታ ድምፅን ሲያጣጥሉ ስለከረሙ ብዙ ደጋፊዎቻቸው የምርጫውን ቀን ጠበቁ። በ2024 ግን የትራምፕ ፓርቲ ራሱ «ቀድማችሁ ውጡ» ብሎ ቀሰቀሰ።

ከምርጫው ቀን በፊት ባሉት ሳምንታት የሚወጣው መረጃ ማን እንደመረጠ እንጂ ማንን እንደመረጠ አይናገርም። እንደ ኔቫዳና ፍሎሪዳ ባሉ ግዛቶች መራጩ ሲመዘገብ ፓርቲውን ስለሚጠቅስ ቢያንስ ፍንጭ አለ። ጆርጂያና ቴክሳስ ግን ይህ ምዝገባ ስለሌላቸው ተንታኙ ከዕድሜ፣ ከሰፈርና ካለፈው የምርጫ ታሪክ ይገምታል። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ሰውየው አዲስ ነው ወይስ የለመደ የሚለው ነው። ቅዳሜ ገበያ ይወጣ የነበረ ሸማች ዓርብ ቢገዛ ገበያው አልሰፋም። ባለፉት ምርጫዎች ያልታየ ስም በብዛት ሲመጣ ነው ጆሮ ማቆም። ደግሞም «የተጠየቀ»፣ «የተመለሰ» እና «ተቀባይነት ያገኘ» የፖስታ ድምፅ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ምስጢር መጠበቂያው የውስጥ ፖስታ ከተረሳ ድምፁ ውድቅ ነው።

የቆጠራው ቅደም ተከተልም ያሳስታል። የፔንሲልቬንያ ሕግ የፖስታ ድምፅ ከምርጫው ዕለት ንጋት በፊት እንዳይከፈት ይከለክላል። ስለዚህ በ2020 መጀመሪያ የተነገረው በዕለቱ የተሰጠው ድምፅ ነበረ፤ ትራምፕ ሌሊቱን ወደ 700 ሺህ በሚጠጋ ድምፅ መርተው በመጨረሻ በ80 ሺህ ገደማ ተሸነፉ። «ድምፁ ተሰረቀ» የሚለው ወሬ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። ፍሎሪዳ ደግሞ የፖስታውን ድምፅ አስቀድማ ለቆጠራ ስለምታዘጋጅ ቀዳሚው ድምፅ መጀመሪያ ይወጣል፤ ያን ምሽት ባይደን መርተው ጀመሩ፣ ትራምፕ አሸነፉ። የሁለቱም ምስል ከመራጩ ይልቅ ከቆጣሪው ሰዓት የመጣ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ለተራው መራጭ ቀድሞ ድምፅ መስጫ ስለሌለን የምናነበው የጠዋቱን ሰልፍ ነው፤ ይኸኛው ከቁጥሩም ይብሳል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ አንድ ጣቢያ እስከ 1,500 መራጭ ይመዘግብ ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት 720 ደቂቃ ነው። በደቂቃ አንድ ሰው የሚያስተናግድ ጣቢያ ከግማሽ በታች ነው የሚጨርሰው፤ ሁሉም ቢመጡ በየ29 ሰከንዱ አንድ ሰው መውጣት አለበት። ካርድና መታወቂያ ማየት፣ ስሙን ከመዝገብ መፈለግ፣ ማስፈረም፣ ጣት ቀለም መንከር፣ ለተወካዮችና ለክልል ምክር ቤት ሁለት ወረቀት መስጠት፣ ከዚያ መጋረጃው ጀርባ መጠበቅ። ካዘገየ አብዛኛውን ጊዜ ስም ፍለጋው ነው፤ መዝገቡ አንድ ሰው እጅ ላይ ነዋ። በዚያ ሰኔ 14 ሰዓቱ እስከ ምሽቱ 3 የተራዘመው ሰልፉ ስላላለቀ ነበር። እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ረጅም ሰልፍ፣ ማራኪ ላይ ባዶ ግቢ ቢታይ የማራኪው አስፈጻሚ ቀልጣፋ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

የተሳትፎ መቶኛውም ቢሆን ብቻውን አይናገርም። በ1997 ዓ.ም. ከተመዘገበው ከ80 በመቶ በላይ ወጥቶ ተቃዋሚው ቅንጅት 109 መቀመጫ አገኘ። በ2002 ዓ.ም. ከ90 በመቶ በላይ ወጣ ተብሎ ከ547ቱ መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን ያዙ። መቶኛው የሚሰላው ከተመዘገበው ነው፤ ካርድ ያልወሰደ፣ ወይም በጸጥታ ችግር ጣቢያ ያልተከፈተለት፣ ከስሌቱ ውጭ ነው።

ስለዚህ በምርጫ ቀን «እዚህ ሰልፉ አያድርስ» ብሎ ለሚደውል ዘመድ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ጣቢያው ስንት ሰው መዘገበ? እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ስንቱ ፈረመ?