የጅማ ሰው ሆይ፣ ከ39 ሌላ አንቀጽ አታውቅም እንዴ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው፤ ስኒውን አስቀምጡና ስሙኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሂርማታ አካባቢ ቡና ይዘን ተቀምጠናል። ቶናው ሳይቀዳ የሕገ መንግሥት ሙግት ተነሣ። አንዱ፣ ብሔሮች እስከ መገንጠል ድረስ የራሳቸውን ዕድል እንዲወስኑ መብት የሚሰጠውን የፌዴራሉን አንቀጽ ይዞ፣ «አንቀጽ 39!» ብሎ ረከቦቱን ሊደፋው ምንም አልቀረው፤ ሌላው «አገር ያፈረሰው እሱ ነው» አለ። ንዑስ አንቀጽ 4 ምን ይላል ብዬ ብጠይቅ ሁለቱም ዝም። የምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ፣ የንብረት ክፍፍል፣ ሁሉም እዚያው ተጽፏል። እኛ የምንጯጯኸው የመጀመሪያውን መስመር ይዘን ነው።

የክልላችንን የኦሮሚያን ሕገ መንግሥትማ ዓይኑን ያየው ሰው አልነበረም። በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው፣ ጨፌውን (የክልሉን ምክር ቤት)፣ ፍርድ ቤቱን፣ ወረዳውንና ቀበሌውን ያቆመው ሰነድ ነው። «በቁቤ፣ በአፋን ኦሮሞ ፊደል፣ ስለሆነ ነው» አትበሉኝ፤ የክልሉ የሕግ ጋዜጣ መገለተ ኦሮሚያ በአማርኛም ይታተማል። ደግሞስ ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ በአፋን ኦሮሞ ዋጋ ሲከራከር ያልጠፋው ቋንቋ ለማንበብ ሲሆን ይጠፋዋል?

ቡናውን እንኳ ተመልከቱ። ገበሬው የሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብር ለክልሉ ይገባል። ያው ቡና ወደ ውጭ ሲላክ ቀረጥ የመጣል ሥልጣን ግን የፌዴራሉ ነው። መሬቱን ክልሉ ያስተዳድራል፣ ፌዴራሉ ባወጣው ሕግ መሠረት። ይህን ሳትለዩ ነው ለክልሉ ጉዳይ አዲስ አበባን፣ ለፌዴራሉ ጉዳይ የቀበሌ ሊቀ መንበሩን ስትራገሙ የምትውሉት።

እኛ እኮ ራስን ማስተዳደር እንዴት ከእጅ እንደሚወጣ ያየን ሰዎች ነን። ቀና ብላችሁ ቤተ መንግሥቱ ያለበትን ጅሬንን እዩ። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው፣ ግብር እየላኩ አገራቸውን ራሳቸው ይገዙ ነበር። ነገሩ የቆመው ግን በሁለት ሰዎች ቃል ነበር። ምኒልክ ሞቱ፣ አባ ጅፋር አረጁ፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ ጅማ ከመሀል አገር በተላከ ሹም እጅ ገባች። አያቶቻችን «ይኸው ተጽፏል» ብለው የሚያወጡት ወረቀት አልነበራቸውም።

እናንተ አላችሁ፤ አታወጡትም እንጂ። ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል የፌዴራሉ አንቀጽ 12 ይናገራል ብላቸው፣ ያ 39ን ሲጠቅስ የነበረው «ቀልድህን ተው» ብሎኝ ሳቀ። ለመጪው ቅዳሜ ሁለቱንም ሕገ መንግሥቶች አሳትሜ እመጣለሁ። ቡናው በእኔ ሒሳብ፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ አንድ ሰው ግን ከእናንተ።