«30 እጥፍ ያቀርባል!»
ትናንት ከሐዋሳ ገበያ «30 በ60 ነው፤ ለአደን ወደር የለውም» ተብዬ የገዛሁትን ሦስተኛውን ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ማለትም አውሬ ከጥሻ በሚወጣበት ሰዓት፣ ከፊቴ የቆመውን አባ ኮዳ የሚባለውን ግዙፍ ወፍ እንኳ ከዛፉ ግንድ መለየት አቃተኝ። መነጽሩ ላይ ያለው ጽሑፍ እውነት ቢሆን እንኳ የፊት ሌንሱ ስፋት 60 ሚሊሜትር ለማቅረቢያ እጥፉ ለ30 ሲካፈል ለዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ 2 ሚሊሜትር ብቻ እንደሆነ፣ 8 እጥፍ ብቻ የሚያቀርበው 8 በ42 ግን ከ5 ሚሊሜትር በላይ እንደሚሰጥ ለሻጩ ማን ይንገረው? 30 እጥፍ የሚያቀርብን መነጽርስ በእጁ ይዞ የማይንቀጠቀጥ ማን ነው፤ ሐውልት? ሌንሱ እንደ ቀይ ዕንቁ ያብረቀርቃል፤ የሚያብረቀርቀው ግን ወደ ዓይኔ መግባት የነበረበት ብርሃን ነው! ዛሬ ተመልሼ 8 በ42 ብጠይቀው ሻጩ ከልቡ አዘነልኝ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ትንሽ ነው።»