«የአንጀላ አመድ»ን በሺልንግ ማንበብ

የፍራንክ ማኮርት ትዝታ፣ በአማርኛ «የአንጀላ አመድ» ልንለው የምንችለው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ታትሞ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ለቅሶውን ነው፤ ያለቁትን ሕፃናት፣ የሚሰክረውን አባት። መጽሐፉ የቆመው ግን በሂሳብ ነው፤ ያን የዘለለ አንባቢ ግማሹን አላነበበም።

ዘመኑ 1930ዎቹ፣ ከተማው የአየርላንዱ ሊምሪክ። የሥራ አጥ ድጎማው ሳምንታዊ ነው፤ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 20 ሺልንግ አይሞላም። ገንዘቡ የሚገባው በአባት እጅ ነው። አባት ወደ ቤት ሲመለስ መጠጥ ቤት ጎራ ካለ የኪራዩ፣ የከሰሉ፣ የዳቦና የሻዩ አብሮ ይሄዳል። እናት፣ የርዕሱ አንጀላ፣ ያኔ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል በጎ አድራጊዎችን ደጅ ትጠናለች። የሚሰጧት ለባለሱቅ የሚቀርብ ወረቀት ነው፤ ያውም ከጥያቄ በኋላ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አባት እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ከተማ ፋብሪካ ይገባል። ቅዳሜ ቅዳሜ የቴሌግራም ልጆች ለጎረቤቱ ሁሉ ገንዘብ ያደርሳሉ፤ እነ ፍራንክን ያልፏቸዋል።

ቤቱም እንደዚያው ነው። የሰፈሩ የጋራ ሽንት ቤት በራቸው ላይ፤ ምድር ቤቱን በክረምት ውሃ ሲሞላው ፎቁ ላይ ወጥተው «ኢጣሊያ» ይሉታል፤ ደረቅና ሞቃት ነዋ። ከሰል ሲያልቅ የግድግዳውን እንጨት ይፈልጣሉ፤ በዚህም ከቤት ይባረራሉ። የተጠጉበት የዘመድ ቤት ደግሞ የራሱን ዋጋ ያስከፍላል።

ይህ ሁሉ የሚነገረው በልጅ አንደበት፣ በአሁን ጊዜ፣ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሽማግሌ ናቸው፤ ከዚያ ልጁ ይረከባል፣ አይፈርድም። እሱን ሊመስሉ የሞከሩ ብዙ ጸሐፊዎች የወደቁት እዚህ ላይ ነው፦ በየገጹ ትልቁን ሰው አስገብተው ድህነትን ያስተነትኑታል፣ ልጁም ድምፁ ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ይለኛል። መጽሐፉ ሲወጣ ደራሲው 66 ዓመቱ ነበር፤ የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ የሰማውን ንግግር ቃል በቃል ያስታውሳል ማለት ይከብዳል። አጋነነብን ያሉት የሊምሪክ ሰዎች በዚህ በኩል ነጥብ አላቸው።

ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰውም ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ይቸገራል፦ አባቴ «መጣ» ወይስ «መጡ»? እንግሊዝኛው አይለይም። ማለዳ ምድጃው አጠገብ ስለ አየርላንድ አፈ ታሪክ ጀግና ስለ ኩሁሊን የሚተርተው አባት «መጡ» ቢባል ያምርበታል። ሌሊት ሰክሮ ገብቶ ልጆቹን ከእንቅልፍ እያስነሣ ለአየርላንድ እንዲሞቱ የሚያስምላቸውስ? እኔ ብሆን ሁለቱንም «መጣ» እለው ነበር፤ ልጁ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ነው የሚያየው።