መኪናውን ከመንካታችሁ በፊት ጋራዡን አስተካክሉ

«የዛሬ መኪና ኮምፒውተር ነው፤ ባለቤቱ ኮፈን ከፍቶ የሚሠራው ነገር አልቀረም» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ግማሹ እውነት ነው። ኮምፒውተሩ የነዳጁን መጠን ይወስናል፣ እሳቱን በሰዓቱ ያስነሳል፣ ያላማረው ነገር ሲያይ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል። ዘይት ግን አይቀይርም። ጎማ አይነፋም። የባትሪው ጫፍ ላይ የተጋገረውን ነጭ ዱቄት አይጠርግም። የአየር ማጣሪያው፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ አምፖሉ፣ ፊውዙ፣ በብዙ መኪና ላይ ካንዴላውም ጭምር ዛሬም በሰው እጅ የሚቀየሩ ናቸው። ትንሽ ትዕግስት ያለው ባለቤት ይችላቸዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በራሴ ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚታየው መፍቻ ነው። ትልቅ ሳጥን ይገዛል፣ ውስጡ የሚያብረቀርቅ ቡሶላ የሞላበት። ከዚያ ሳጥኑን ይዞ ጨለማ ጥግ ውስጥ፣ ወጣ ገባ ወለል ላይ፣ መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስቶ ሥሩ ይገባል። እኔ ደግሞ የቤት ጋራዥ ላይ የሚወጣው የመጀመሪያ ገንዘብ ወደ መደገፊያው፣ ወደ ወለሉና ወደ መብራቱ ይሂድ ባይ ነኝ። መፍቻ ቀስ እያለ፣ ሥራው ሲጠይቅ ይገዛል።

ከመደገፊያው ልጀምር፤ የሰው ሕይወት ያለው እዚያ ላይ ነው። ክሪክ የተሠራው ለማንሳት ነው፣ ይዞ ለማቆየት አይደለም። የሃይድሮሊክ ክሪክ ክብደቱን የሚሸከመው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው ደግሞ ቀጭን ጎማ ነው። ያ ጎማ ሲደክም ክሪኩ ቀስ ብሎም ሆነ በአንድ ጊዜ ሊወርድ ይችላል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተጠምዛዥ ክሪክ ደግሞ መንገድ ላይ ጎማ ለመቀየር የታሰበ ነው፤ ሥሩ ተኝቶ ለመሥራት አይሆንም። ስለዚህ መኪናው እንደተነሳ ክብደቱ ወደ ብረት መደገፊያ ይተላለፍ። ሁለት መደገፊያ ማለቴ ነው፣ ግራና ቀኝ፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ለማንሻ ብሎ በሚያሳየው ጠንካራ ቦታ ላይ። «ብሎኬት ይበቃል» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ብሎኬት ቆሞ ሲያዩት የሚችል ይመስላል፤ ሲሰነጠቅ ግን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ስለ ታኮም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚዘነጋው። የእጅ ፍሬን በአብዛኛው መኪና ላይ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። የመኪናውን ኋላ ስታነሱ የተያዙት ጎማዎች አየር ላይ ናቸው። ያን ጊዜ ዋናው መከታችሁ ከፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ የገባው ታኮ ነው። የጎማ ብሎን የምትፈቱ ከሆነም መጀመሪያ መኪናው መሬት ላይ እያለ አላሉት፤ ከተነሳ በኋላ መታገል መኪናውን ከመደገፊያው ሊያወርደው ይችላል። መደገፊያው ከገባ በኋላ ደግሞ ሥሩ ሳትገቡ በፊት ጎኑን ይዛችሁ ግፉት፣ ነቅንቁት። የሚንሸራተት ከሆነ እናንተ ውጭ ሳላችሁ ይንሸራተት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ወለሉ ደልዳላና ጠንካራ ሲሆን ነው። አፈር ላይ የመደገፊያው እግር ይሰምጣል። ፀሐይ ያሞቀው አስፋልትም እንደዚያው ነው። ወለል ስል ታዲያ ውድ ነገር ማለቴ አይደለም። በደንብ የተሠራ የኮንክሪት ሊሾ፣ ውሃው ወደ በሩ እንዲወርድ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዘቅዘቅ ያለ፣ ይበቃል። ቀለም መቀባት፣ በተለይ ኤፖክሲ የሚባለውን ጠንካራ ቀለም ማድረግ የምትፈልጉ ግን አትቸኩሉ። አዲስ ኮንክሪት አብዛኛውን ጊዜ 28 ቀን ይጠበቃል። አሮጌውም ቢሆን እርጥበቱ መፈተሽ አለበት። ፈተናው ቀላል ነው። ጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። አድሮ በማግስቱ ሲገለጥ ፕላስቲኩ ሥር ጤዛ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ፣ እርጥበት ከታች እየወጣ ነው ማለት ነው። የእርጥበቱ ምንጭ ሳይደርቅ የሚቀባ ቀለም ብዙም ሳይቆይ ይላጣል። የቅባት እድፍ ያለበትና እንደ መስታወት የለሰለሰ ሊሾም ሳይታጠብና ሳይፈገፈግ ቀለም አይዝም።

ቀለሙ ነጣ ያለ ግራጫ ይሁን የምለው ለውበት ብቻ አይደለም። ንጹሕ ወለል የመኪናውን ችግር ቀድሞ ይነግራችኋል። ጠዋት መኪናው ያደረበትን ቦታ እዩ። ቡናማ ወይም ጥቁር ጠብታ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ ብዙ ጊዜ የአውቶማቲክ ማርሽ ወይም የመሪ ዘይት ነው። አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ፣ ኩላንት ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ውስጡ ግን መርዝ ስለሆነ ሕፃንና የቤት እንስሳ ሳይደርስበት ቶሎ ይጠረግ። ጎማው አጠገብ ገርጣ ያለ ቢጫ፣ ሲነኩት የሚያንሸራትት ፈሳሽ ካያችሁ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላልና መኪናውን አታንቀሳቅሱት። አየር ማቀዝቀዣ ከሠራ በኋላ የሚንጠባጠብ ንጹሕ ውሃ ግን ጤነኛ ነው። ወለላችሁ አሁን የጠቆረ ከሆነ አንድ ካርቶን ከሞተሩ ሥር አሳድሩ፤ ያው ሥራ ይሠራል።

መብራትን በተመለከተ የተለመደው ስህተት አንድ አምፖል ጣሪያው መሃል መስቀል ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ብርሃኑን ይጋርደዋል፣ የቀረውን ደግሞ የራሳችሁ ጥላ ይወስደዋል። ረዘም ያሉ ሁለት የኤልኢዲ መብራቶች ከመኪናው ግራና ቀኝ፣ ግድግዳው ላይኛው ክፍል ላይ ቢሆኑ ይሻላል። ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ያለው ነጭ ብርሃን የሽቦዎቹን ቀለም በትክክል ለመለየት ይረዳል። ቡናማና ቀይ ሽቦ በደብዛዛ ቢጫ መብራት መለየት ከባድ ነው። በእጅ የሚያዘውም መብራት ኤልኢዲ ይሁን። የድሮው የሚግል አምፖል ቤንዚን ካለበት ቦታ ወድቆ ቢሰበር እሳት ያስነሳል።

አየሩንም አትርሱ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ተንጣሎ ብልጭታ ይጠብቃል። ቤንዚን በጀሪካን ጋራዥ ውስጥ አታከማቹ። የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ሰውየው ራስ ምታት መሰለኝ እያለ ራሱን ይስታል። በሩን ከፍቻለሁ ብላችሁም ሞተር እያስነሳችሁ ውስጥ አትቆዩ። መኪናውን ወደ ውጭ አውጡት። የእሳት ማጥፊያውን በሩ አጠገብ ስቀሉት፣ ሥራ ጠረጴዛው ጀርባ ሳይሆን።

ቦታው ከተዘጋጀ ዘይት መቀየር ጥሩ መጀመሪያ ነው። ሞተሩን ትንሽ አሙቁት፤ ለብ ያለ ዘይት ቶሎ ይወርዳል፣ የፈላ ዘይት ግን እጅ ያቃጥላል። መጽሐፉ ላይ ያለውን የዘይት ውፍረት ቁጥር ተከተሉ፤ 5ደብልዩ-30 ካለ 5ደብልዩ-30 ነው፣ «ወፈር ያለ ይሻላል» የሚለው ወሬ ይቅር። የዘይት ማጣሪያው (ፊልትሮው) ሲወጣ አሮጌው የጎማ ቀለበት አብሮ መውጣቱን በጣት ዳስሱ። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አዲሱ ፊልትሮ የራሱን ቀለበት ይዞ በላዩ ከታሰረ ሁለቱ ቀለበቶች ይንሸራተቱና ዘይቱ በግፊት ይፈሳል። ሞተር የሚያስነክስ ጥፋት ነው፤ የሚከላከለው ደግሞ አንድ የጣት ዳሰሳ ነው። አዲሱን ቀለበት በንጹሕ ዘይት አርሱት፣ በእጅ እሰሩት፣ በመፍቻ አትጨቁኑት። የማፍሰሻውንም ብሎን መጀመሪያ በጣት አስገቡ። የብዙ መኪና የዘይት ቋት አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ በጉልበት ከተበላ ቀላሉ ሥራ ከባድ ይሆናል።

ጉልበት ስል፣ ከመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች አንዱ ቶርክ ሬንች፣ ማለትም ብሎን የሚጠብቅበትን ጉልበት የሚለካ መፍቻ ይሁን። የጎማ ብሎን በብዙ የቤት መኪኖች ከ90 እስከ 120 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይጠብቃል፤ የራሳችሁን መጽሐፉ ላይ እዩ። አንዱን ፊት ለፊቱ ካለው ጋር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ፈትሹት። «እግሬን ጭኜ ቆሜበታለሁ» የሚለው ሰው ብሎኑን እያዳከመው ነው።

የወጣው ዘይት የት ይሄዳል? እዚህ ላይ መታገስ አልችልም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው ከአንድ ዘይት ቅያሪ የወጣ አሮጌ ዘይት 1 ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። ቦይ ውስጥ፣ አፈር ላይ፣ አጥር ሥር ማፍሰስ የሚባል ነገር መኖር የለበትም። ክዳን ባለው ጀሪካን ሰብስቡና ተቀብሎ በአግባቡ ለሚያስወግድ ስጡት። ከውሃ፣ ከቤንዚን ወይም ከኩላንት ጋር አትቀላቅሉት። ይህን ለማድረግ ያልተዘጋጀ ሰው ዘይቱን ጋራዥ ወስዶ ቢያስቀይር ይሻላል።

ወደ ኮምፒውተሩ ልመለስ። እ.ኤ.አ ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ የቤት መኪኖች ሁሉ ኦቢዲ ሁለት የተባለውን አንድ ዓይነት ሶኬት እንዲይዙ ተደርጓል፤ አውሮፓም በኋላ ተመሳሳዩን አስገድዳለች። ብዙ ጊዜ ከመሪው ሥር ታገኙታላችሁ። ትንሽ ማንበቢያ ሰክቶ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ማየት ማንም ይችላል። ኮዱ ግን ዕቃ ቀይሩ አይልም። ፒ0171 ቢወጣ ሞተሩ ውስጥ ከነዳጁ አንጻር አየር በዝቷል ማለት ነው። ምክንያቱ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላል፣ የቆሸሸ ሴንሰር ሊሆን ይችላል፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕም ሊሆን ይችላል። ይህን መረጃ የማየት መብት ሰዎች ታግለው ያስከበሩት ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ በ2012 እና በ2020 የጥገና መረጃ ለባለቤቱና ለፈለገው መካኒክ ክፍት እንዲሆን በድምፃቸው ወስነዋል። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የገዛሁት መኪና ምን እንዳመመው እኔ ማወቅ አለብኝ።

የማይነካ ነገር አለ ወይ? አለ። ቢጫ ሶኬት ያለበት የኤርባግ መስመር አይነካም። የታመቀ ሞላ (ስፕሪንግ) ያለ ተገቢው መሣሪያ አይፈታም፤ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል። በኤሌክትሪክና በሃይብሪድ መኪና ላይ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዟል፤ ብዙዎቹ ሙሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች 400 ቮልት አካባቢ ናቸው፣ 800 የደረሱም አሉ። አትጠጉት። በፍሬን ላይ ደግሞ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የሸራውን ውፍረት ማየትና የፍሬን ዘይቱን መጠን መከታተል የባለቤቱ ሥራ ነው። ሸራ መቀየር ግን መጀመሪያ አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ፣ እጃችሁን እያየ ካስተማራችሁ በኋላ ይሁን። ቪዲዮ አይቶ ብቻ ፍሬን መፍታት አልደግፍም። አደጋው የእናንተ ብቻ አይደለም፤ መንገድ የሚያቋርጠው ሰውም አለ።

ገንዘብ መቆጠቡ ጥሩ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ባለሙያ ፊት ስትቆሙ የሚመጣው ለውጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈን የሚከፍት ሰው «ይሄን ቀይርልኝ» አይልም። «ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ወደ ግራ ስጠመዝዝ፣ ከፊት ቀኝ በኩል ይንኳኳል» ይላል። መካኒኩም በግምት ዕቃ ከመቀየር ድምፁን ወዳለበት ይሄዳል። ግድግዳው ላይ ቀንና ኪሎ ሜትር የምትጽፉበት ደብተር ስቀሉ፤ ዘይቱ መቼ፣ ጎማው መቼ፣ ባትሪው መቼ እንደተቀየረ ይዛችሁ ሂዱ። የወጣው ዕቃም እንዲመለስላችሁ ጠይቁ። የተበላውን ሸራ እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ስታዩት፣ የውስጥ በኩሉ ከውጭው ይበልጥ ከሳሳ ጠይቁት፤ የፍሬኑ መያዣ በደንብ እየተንሸራተተ እንዳልሆነ የሚናገር ምልክት ሊሆን ይችላል፣ አዲሱም ሸራ በዚያው መንገድ እንዳያልቅ አብሮ መታየት አለበት።