ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር የሻንጣ መለኪያ

ቁጥር፦ 40/30/20
ለክቡር የሻንጣ መለኪያ የብረት ሣጥን
መሳፈሪያው በር አጠገብ

ጉዳዩ፦ በሕዝብ ፊት መለካትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ባለፈው ቅዳሜ በርካሽ አየር መንገድ ከጀርመን ወደ ስዊድን ስሳፈር ላደረጉልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን ላቀርብ ተነሣሁ። አራስ እህቴን ልጠይቅ እየሄድሁ ነበር። ቅቤዋን ፍተሻው ቀድሞ ወስዷታል፤ እሷን በእርስዎ አላሳብብም። የሻንጣዬ ጎማ ግን ከእርስዎ ሁለት ጣት ሲተርፍ ሠራተኛዋ እጇን ወደ ካርድ ማንበቢያው ዘረጋች። ጋቢውን አውጥቼ በካፖርቴ ላይ ደረብሁ። በርበሬውን በቀኝ ኪሴ፣ ሽሮውን በግራ ኪሴ ከተትሁ፤ የገንፎውን ዱቄት ብብቴ ሥር ወሸቅሁ። እንደ ክረምት እረኛ ተጠቅልዬ፣ ሰልፉ ሁሉ እያየኝ፣ ሻንጣዬን በጉልበቴ ገፋሁት። ገባልዎ! ችግሩ፣ አልወጣ አለ። ሁለት ሰዎች እርስዎን ይዘው እኔ እጀታውን ስጎትት፣ የተጣበቀ ሻንጣ እንዳልገባ ይቆጠራል ተብሎ ተፈረደ። ቲኬቱ 19 ዩሮ ከ99 ሳንቲም፣ ቅጣቱ 60 ዩሮ። ጋቢውም፣ በርበሬውም፣ እኔም ያው አብረን ተሳፈርን፤ ከአውሮፕላኑ ሸክም አንድ ግራም አልቀነሰም። ታዲያ የተከፈለው ለየትኛው ክብደት ነው?

ከኋላዬ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ የሚሄዱ እናት ነበሩ። የበረራ ምዝገባቸውን (ቼክ-ኢን) በስልክ ስላልጨረሱ ታች መስኮቱ ላይ ከፍለው ነው የመጡት። እዚህ ደግሞ ከቦርሳቸው ሌላ አንድ ፌስታል ተገኘባቸው። ሠራተኛዋ ጀርመንኛውን ጮክ ብላ ደገመችላቸው፤ የጆሮ ችግር ያለባቸው መስሏት ይሆናል። "ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?" አሉኝ። ምንም አላጠፉም። ዳቦ ነው የያዙት። ቋንቋ የማያውቅ አዛውንትን እያሸማቀቁ ገንዘብ መቀበል ንግድ አይደለም፤ ነውር ነው። ማንም ዝቅ ባለ ድምፅ ሊያስረዳቸው አልሞከረም።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 መጠኑ ልከኛ ለሆነ የእጅ ሻንጣ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ እንደማይገባ ተናግሮ ነበር። ልከኛ ማለት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ሳይነግረን ሄደ፤ እርስዎም ክፍተቷ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ስፔን በ2024 በዚሁ በሻንጣና በመሰል ክፍያዎች ሰበብ አምስት አየር መንገዶችን 179 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥታለች። እነሱም ተከራካሪ ሆነዋል። በእርስዎ በር ላይ ግን ይግባኝ የለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ ዘንድ ለሚቀርቡ ወገኖቼ፦ ጎማና እጀታም ይለካል። ምዝገባውን ከቤት ሳትወጡ በስልክ ጨርሱ፤ እናቶችን አስመዝግቡላቸው። ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ ከፍተሻው ወዲያ ውኃ ቅዱ። ባልና ሚስት ለመቀመጫ ካልከፈላችሁ፣ በሁለት ጫፍ ተቀምጣችሁ ትነፋፈቃላችሁ። ፓሪስ የሚል ቲኬት የቆረጠ ደግሞ የማረፊያውን ስም አጥብቆ ያንብብ፤ ቦቬ ከሆነ 80 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የአውቶቡስ መንገድ ይቀረዋል። በአየር መንገዱ ጥፋት 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ፣ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ላለው በረራ 250 ዩሮ ካሣ የአውሮፓ ሕግ ይፈቅድላችኋል። የሚነግራችሁ የለም፤ ለዚህ ደግሞ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ስለዚህ የእናታችን ገንዘብ እንዲመለስላቸው በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ጋቢ የለበሰው ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ሁለት ትልልቅ የቀረጥ ነጻ ከረጢት አንጠልጥለው ሳይለኩ ላለፉት ሰውዬ