የቴኔሲ ፈረሶች፦ ሰንሰለትና ፓድ ይታገድ ወይስ አይታገድ?

በአሜሪካዋ ቴኔሲ የሚረባ «ዎኪንግ ሆርስ» የሚባል ፈረስ አለ። በትርኢት ላይ የፊት እግሩን እጅግ ከፍ አድርጎ የሚረግጥበት አረማመድ «ቢግ ሊክ» ይባላል። ለዚህ ሲሉ የፈረስን እግር የሚያቆስሉ አሰልጣኞች አሉ። እንዲህ የቆሰለ ፈረስ ለትርኢት ማቅረብን እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የፈረስ ጥበቃ ሕግ ከልክሏል። ታዲያ እግሩ ላይ የሚታሰረው ሰንሰለትና ከሰኮናው ሥር የሚደረደረው ወፍራም ፓድስ?

ይታገድ፦ መጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። ከሰኮናው በላይ ያለው ቆዳ የሰናፍጭ ዘይት፣ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ይቀባል። ዘልቆ እንዲያቃጥለው በላስቲክ ይጠቀለላል። ከዚያ ሰንሰለት ይታሰርበታል። ፈረሱ በረገጠ ቁጥር ሰንሰለቱ ቁስሉን ይመታዋል፤ እሱም እግሩን ወደ ላይ ይነጥቃል። ሰው የሚያጨበጭበው ለዚያ ነው! በምርመራ ጊዜ እንዳያስታውቅበት ደግሞ አስቀድመው ያለማምዱታል። ቁስሉ ሲነካ ከተንቀሳቀሰ ይደበደባል።

አይታገድ፦ እህቴ፣ የገለጽሽው ወንጀል ነው። ያደረገው ይቀጣ። ደንቡ የሚፈቅደው ግን ከ6 አውንስ፣ ማለትም ከ170 ግራም ገደማ ያልበለጠ ሰንሰለት ነው። በኦበርን ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ይህን ያህል ቀላል ሰንሰለት ጉዳት እንዳላደረሰ አይቷል። ምርመራውም ቢሆን አያስተማምንም። ተቆጣጣሪው እግሩን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ፈረሱ ካሸሸ ተጠርጣሪ ነው። አንዱ ተቆጣጣሪ ያሳለፈውን ፈረስ ሌላው ይጥለዋል። የቴኔሲዋ ሼልቢቪል ከተማ ከ1939 ጀምሮ ትልቁን ትርኢት ታስተናግዳለች። ሆቴሉም መኖ ነጋዴውም ከዚያ ያገኛሉ። በጥቂት ጨካኞች ጦስ የሁሉም እንጀራ ይዘጋ?

ይታገድ፦ ወንድሜ፣ «አጥፊው ብቻ ይቀጣ» ሲባል ስንት ዘመን ሆነው! ማን ያዘው? ከ1976ቱ ማሻሻያ በኋላ ምርመራው በአብዛኛው በዘርፉ በራሱ ሰዎች እጅ ገባ። የግብርና ሚኒስቴሩ የውስጥ ቁጥጥር ቢሮ በ2010 ያወጣው ሪፖርት ጉዱን አውጥቶታል። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪሞች የተገኙት በ6 በመቶ ትርኢቶች ላይ ብቻ ነበር። ከተመዘገቡት ጥፋቶች ግን 49 በመቶው የተያዙት በእነዚሁ ትርኢቶች ላይ ነው። የዘርፉ ተቆጣጣሪዎች ዓይን የሚበራው እንግዲህ ሐኪም ሲያያቸው ነው። ያ ቀላል ሰንሰለትስ? ጤነኛ እግር ካልተሰማው አረማመዱን አይለውጥም። ከተሰማው ደግሞ ለምን እንደተሰማው ንገረኝ።

አይታገድ፦ ሯጭም እግሩ ላይ ክብደት አስሮ ይለማመዳል፤ ቆስሏል ማለት አይደለም። ደግሞስ የሚያግደው ማን ነው? ሚኒስቴሩ በ2024 በደንብ ሊያግድ ሞከረ። በጃንዋሪ 2025 በቴክሳስ የፌዴራል ፍርድ ቤት «ከሥልጣንህ በላይ ነው» ብሎ ያንን ክፍል ሻረው።

ይታገድ፦ እንግዲያው ኮንግረሱ በሕግ ይጻፈው። የተወካዮች ምክር ቤት በ2019 እገዳውን በ333 ድጋፍና በ96 ተቃውሞ አሳልፎት ነበር። ሴኔቱ ድምፅ አልሰጠበትም። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም ይደግፈዋል። ይህ ዝርያ እኮ ያለ ፓድም የሚያምር፣ ለስላሳ አረማመድ በተፈጥሮው አለው። ፓድ ሥር ጠጣር ነገር ሸጉጠው ሰኮናውን የሚያሳምሙ አሉ። ፓዱ ካልተነቀለ ሐኪሙ ይህን በምን ያየዋል?