ለጊታር ሰባሪው፣ መድረክ ላይ ባሉበት

ጌታው፣ ክንድዎ እንዴት አደረ? ትናንት ማታ ስልኬ ላይ ያቺን ጊታር አንገቷን ይዘው ሦስቴ ከወለሉ ሲያላትሟት አይቼ ሰጋሁልዎ። ለእሷማ ከእንግዲህ ሰግቼ ምን አመጣለሁ።

ግን ሁልጊዜ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ብቻ የሚናደዱት ምን ሆነው ነው? ደግሞ አይቼዎታለሁ! ደህናዋን ጊታር ለረዳትዎ አቀብለው ርካሿን ተቀበሉ። ለካ ንዴትም በጀት ይያዝለታል።

ይህን ጸባይ ያወረስዎት የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የዘ ሁው ጊታሪስት ፒት ታውንሼንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ለንደን፣ ሀሮው ውስጥ ሬልዌይ በሚባል ሆቴል ሲጫወት ጣሪያው ዝቅ ያለ ነበርና የጊታሩ ጫፍ ጣሪያውን በሳው፤ ጊታሩም ተሰበረ። ሰው ሳቀ። እሱም አውቆ ያደረገው አስመስሎ የቀረውን ከሰከሰና ሌላ ጊታር አንስቶ ቀጠለ። በሳምንቱ ሰው "ዛሬስ አይሰብርም?" ብሎ መጣ። ያ ሁሉ አመፅዎ የተወለደው ከአጭር ጣሪያ ነው እንግዲህ። ደግሞ እሱ እንኳ ስብርባሪውን ለቅሞ ይለጥፍ ነበር።

አሜሪካዊውን ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስን እተወዋለሁ። በ1967 ሞንተሬይ በተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ማን ይቅደም ብለው ከታውንሼንድ ጋር ዘውድ ወይስ ጎፈር ተጣጣሉ፤ ሄንድሪክስ ኋላ ወጣ። ተንበርክኮ ጊታሩ ላይ የላይተር ቤንዚን አፈሰሰባት፣ ክብሪት ጫረ፣ እሳቱን በጣቶቹ "ና፣ ና" አለው። ይሁን፣ ቢያንስ መጀመሪያ አጫውቷታል።

ዘ ክላሽ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ፖል ሲመናንስ? በ1979 ኒው ዮርክ ውስጥ ጥበቃዎቹ ታዳሚውን ከወንበሩ አላስነሳ አሉ ብሎ ቤዝ ጊታሩን ፈጠፈጠ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ጥበቃዎቹ በሰላም ቤታቸው ገቡ፤ ቤዟ ሙዚየም ገባች።

ከዚያ በኋላማ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ሆነ። ሚውዝ የሚባለው ባንድ ጊታሪስት ማት ቤላሚ በ2004 በአንድ የኮንሰርት ጉዞ 140 ጊታር ሰብሯል ብሎ ጊነስ መዝግቦታል። አንድ መቶ አርባ!

እኛ ሰፈር ለሦስት ልጅ አንዲት ጊታር ነበረችን። ክሯ ሲበጠስ ቋጥረን እንወጥራለን። አንገቷ የተሰነጠቀ ቀን በኮላ ለጥፈን፣ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠፍረን፣ እንደ በሽተኛ በየተራ እየነካካን አሳደርናት። ጠዋት ድምጿ ተንሻፏል፤ ግን ተጫወተች።

እና አንድ ነገር ላስታውስዎት። በ1992 የሙዚቃ ቴሌቪዥኑ የኤምቲቪ ሽልማት ላይ ኒርቫና የሚባለው ባንድ ክሪስት ኖቮሴሊች ቤዙን ሽቅብ ወረወራት። ሊቀልባት እጁን ዘረጋ። እሷ እጁን አልፋ ግንባሩን መረጠች።

አክባሪዎ፣
የአንድ ሦስተኛ ጊታር ባለቤት